ማጣሪያውን ከመግዛትዎ በፊት ከሰሉን ከክፍሉ ያውጡ

ውድ እኅቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወርዱ ገባ ካለ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው እንደሚኖሩ፣ የግቢው የጋራ ቧንቧ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ውሃ እንደሚሰጥና መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ እንደሆነ፣ የሦስት ዓመት ልጅዎን ተቅማጥ እንደሚመላለስበትና ሌሊት ሌሊት እንደሚያስለው ጽፈዋል። አንድ ሻጭ ቤትዎ ድረስ መጥቶ ውሃው መርዝ መሆኑን በዓይንዎ እንዳሳየዎትም ገልጸው፣ ማጣሪያውን ልግዛ ወይስ አፍልቼ ማጠጣቱ ይበቃል ብለው ጠይቀዋል። በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ፣ ክረምቱ ስለበረታ ወጡንም፣ ቡናውንም፣ ለልጁ የሚፈላውንም ውሃ ክፍል ውስጥ በከሰል እንደሚሠሩ አክለዋል። መልሴን የምጀምረው ከዚህች የመጨረሻ መስመር ነው፤ ያልጠየቁኝ ጉዳይ ከጠየቁኝ ይልቅ የሚያስቸኩል ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

በአካባቢ ጤና ሙያ፣ ሳኒታሪያን እንባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ 31 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኛው ዘመኔ ያለፈውም በአራዳና በአካባቢው ቤት ለቤት እየዞርሁ ምድጃ፣ ጀሪካንና መጸዳጃ ቤት በማየት ነው። ተቅማጡ ከውሃው ሊመጣ ይችላል፤ ሳሉ ግን መፈለግ ያለበት ልጁ ከሚተነፍሰው አየር ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው ከሰልን የሚመዝነው በጭሱ ነው። ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ተራግቦ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ግም ሲል «አሁን ጠራ» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። ጭሱ ማለቁ ለዓይንና ለጉሮሮ ዕረፍት መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የጠራው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ማውጣቱን አያቋርጥም። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው ደረቱ እየወጣና እየወረደ፣ አየር እየሳበ ሳለ ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል። ለነገ እሳት እንዲሆን ተብሎ ፍሙን አመድ አልብሶ ቤት ውስጥ ማሳደር ደግሞ የባሰ ነው፤ በቂ አየር ያላገኘ ከሰል ጋዙን አብዝቶ ያወጣል።

ይህን የምጽፈው ከትምህርት ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታናሽ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ቀበና በነበረው የእናታችን ቤት ታርስ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። አራሷን ብርድ እንዳይመታት የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፎ፣ በሩ በጋቢ ተጋርዶ፣ ለገንፎውም ለሙቀቱም ሲባል ከሰል ከአልጋው አጠገብ ቀኑን ሙሉ ሲነድ ይውላል። በአራተኛው ቀን ማታ እኅቴ ራሴን ፈለጠኝ፣ አጥወለወለኝ አለች፤ ቆየት ብሎም አስመለሳት። እናቶቹ ምች ነው አሉ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣት፣ ነፋስ እንዳይገባባት ተብሎም በሩ ይበልጥ ተዘጋ። እኔ ከሥራ ስመለስ ሊጠይቋት የመጡ ሁለት ጎረቤቶችም ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ምች በአንድ ምሽት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ሰው አይመታም። ጨቅላው ጡት ለመያዝ እንኳ ደክሞት ነበር። ጋቢውን ገፍፌ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ዝናብ እየወረደ ወደ በረንዳ ወጣሁ፤ ሴቶቹም እኅቴን ደግፈው ተከተሉኝ። ሐኪም ቤት ደርሰው ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ሁሉም ተርፈዋል። እናቴ ከዚያ ወዲህ፣ እስክታርፍ ድረስ፣ አራስ ልትጠይቅ በገባችበት ቤት ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ከማለቷ በፊት ዓይኗ ምድጃውን ይፈልግ ነበር።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ የሚነድ ከሰል ልጁ በሚተኛበት ክፍል አይግባ፤ ለአፍታም፣ ለሙቀትም ቢሆን። ምድጃውን በረንዳ ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያድርጉት። ዝናቡ አላስጠጋ ካለ በሌላኛው ክፍል ሆኖ በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ይሁን፤ አንዱ ብቻ ከተከፈተ አየሩ አይተላለፍም። መብራት ባለ ጊዜ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠቀሙ፤ ከቆጣሪው ክፍያ ይልቅ የልጁ ሕክምና እንደሚበልጥ በየቤቱ አይቻለሁ። ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ከዞረበት ወይም ጉልበቱ ከከዳው ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣትና ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ወይም ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት በ939 መደወል ይገባል።

ጋዙ በአንድ ሌሊት የሚገድል ሲሆን፣ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ረቂቅ ብናኝ ደግሞ ቀስ ብሎ ሳንባን የሚጎዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ዕጣንም ቢሆን ጭስ ነው። የቡናውን ወግ ተዉ አልልም፤ ልጁ በሌለበትና በሩ በተከፈተበት ይጨስ እንጂ። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሩት። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ግን በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይውሰዱት።

የውጪውን አየር በተመለከተ፣ የግንባታ አቧራና የመኪና ጭስ በእርስዎ እጅ ያለ ጉዳይ ስላልሆነ አላረዝመውም። ነገር ግን ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ መሬት አጠገብ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ አክንባሎ ይከድነዋል፤ የማለዳው ጭስም መውጫ አጥቶ ከየመንደሩ ላይ ይተኛል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት መስኮቱን ለማናፈስ ማለዳ ከመክፈት ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ መክፈት ይሻላል። ኅዳር 12 ቀን ደግሞ፣ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ ለማሰብ በየደጁ ቆሻሻ ሲታጠን እንደኖረ ያውቃሉ። በአያቶቻችን ዘመን የሚቃጠለው ቅጠላ ቅጠልና ጥራጊ ነበር፤ ዛሬ ግን ክምሩ ውስጥ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ አለበት፣ ጭሱም ያው አይደለም። በዚያ ዕለት ልጁን ከግቢው ጭስ ያርቁት፤ ጎረቤቶችዎንም ፕላስቲኩን ለይተው እንዲያስቀሩ በትሕትና ይለምኑልኝ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። የከተማችን ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም በአቃቂ በኩል ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚመጣ ነው፤ የግድቦቹ ውሃ ከመሠራጨቱ በፊት ይጣራል፣ ክሎሪንም ይጨመርበታል። አብዛኛው ብልሽት የሚደርሰው በመንገድ ላይና በቤት ውስጥ ነው። ፈረቃው ሲያበቃ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ቱቦው የተሰነጠቀበት ወይም መጋጠሚያው የላላበት ቦታ ካለ፣ ውሃ ሲያፈስ የነበረው ቀዳዳ አሁን ከዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። በእኛ ሰፈሮች ደግሞ ቱቦ ከፍሳሽ ቦይና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ጋር ተጎራብቶ የተቀበረበት ቦታ ብዙ ነው። ውሃው ተመልሶ ሲለቀቅ ያን የተሳበውን ሁሉ፣ ከዛገው ቱቦ ከተፋቀው ጋር፣ ገፍቶ ያመጣዋል። የሚያዩት ቡናማ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ዝገትና ደለል ነው፤ ዝገቱ በራሱ ልጅዎን ያሳምመዋል ብዬ አላስብም፤ ሆኖም ድፍርስ ውሃ ለጀርሞች መደበቂያ ከመሆኑም ሌላ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደውን በባልዲ ተቀብለው ለመጸዳጃ ቤትና ለወለል ያውሉት፤ ለመጠጥ የሚሆነውን ጠርቶ ሲወርድ ብቻ ይቅዱ። የበረኪና ሽታ ሸተተን ብለው የሚያማርሩ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ቀለል ያለው ሽታ ግን ክሎሪኑ ቤትዎ ድረስ መድረሱን ያመለክታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ውሃው ከተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል።

በሥራ ዘመኔ አንድ ነገር ደጋግሞ አስገርሞኛል። ከአንድ ቤት ሁለት ናሙና እወስድ ነበር፣ አንዱን ከቧንቧው፣ ሌላውን ከመጠጥ ዕቃው፤ ቧንቧው ንጹሕ ሆኖ በርሜሉ የተበከለበት ቤት እጅግ ብዙ ነበር። ምክንያቱ አፉ ሰፊ የሆነ በርሜልና በእጅ የሚጠልቅ ጣሳ ነው። ልጁም፣ እንግዳውም፣ ሽንት ጨርቅ ስትቀይር የነበረችው እጅም ያንኑ ጣሳ ይዘው ይገባሉ። በርሜሉን ለእጥበት ይተዉትና ለመጠጥ አፈ ጠባብ የሆነ፣ ከተቻለም ከሥሩ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ይለዩ። ጀሪካኑን ከመሙላትዎ በፊት በሳሙናና ውስጡ ጠጠር ጨምረው በማንገጫገጭ ይጠቡት፤ አረንጓዴው አተላ የሚለቀው በዚህ ነው።

ማፍላት ይበቃል ወይ ላሉት፣ ጀርምን ለመግደል አዎን፣ ይበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ይሁን እንጂ በእርስዎ ቤት ማፍላቱን አልመርጠውም። ልጁን ከተቅማጥ ለማዳን ብለው በየምሽቱ በተዘጋ ክፍል ከሰል ላይ የሚጥዱት ድስት ሳሉን እያመጣበት ይመስለኛል፤ የአንዱ በሽታ መከላከያ የሌላው መነሻ ሆኗል ማለት ነው። በመድኃኒት ቤት የሚገኘውን እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ፈሳሽ ቢጠቀሙ እሳት አያስፈልግዎትም። በጠራ ውሃ በተሞላ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ በጠርሙሱ ክዳን ለክተው፣ መለያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው፣ ከድነው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድመው ያጥሉትና በንጹሕ ነጠላ ያሳልፉት። የልብስ በረኪናን በግምት እየጨመሩ ለመጠጥ ማዋል ግን አይገባም፤ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል።

ሻጩ በዓይንዎ ያሳየዎትን ነገር እኛም ግቢ መጥቶ አይቼዋለሁ። ሁለት ጥንድ ብረቶች ያሉትን መሣሪያ በቧንቧ ውሃና እሱ ባጣራው ውሃ ውስጥ ከትቶ ኤሌክትሪክ ሲለቅበት የቧንቧው ውሃ ቡናማና አስፈሪ ይሆናል፣ የእሱ ግን እንደጠራ ይቀራል። ሰውየውን በትሕትና አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ እርሱ ባጣራው ውሃ ላይ ጥቂት የወጥ ጨው ጨምሮ እንዲደግመው። ያም ቡናማ ሆነ። ቀለሙን የሚያመጣው የመሣሪያው ብረት ተበልቶ ውሃው ውስጥ መሟሟቱ ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈውም በማንኛውም ጤናማ ውሃ ውስጥ ያለ ማዕድን ነው፤ ጀርም ግን በዚህ መንገድ አይታይም። ማጣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው እያልሁ አይደለም፤ ጥሩ የሸክላ ማጣሪያ ይጠቅማል። ሻማው፣ ማለትም ውሃውን የሚያጣራው የውስጡ ሸክላ፣ በየጊዜው ካልታጠበና ሲያረጅ ካልተቀየረ ግን ራሱ የጀርም መራቢያ ይሆናል፤ ያን ወጪና ትጋት መቻልዎን አስበው ይወስኑ። በአንጻሩ በስምጥ ሸለቆ እንዳሉ ዘመዶቻችን ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን በውሃው ውስጥ በበዛበት አገር ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ምክር እሰጥዎ ነበር፤ ፍሎራይድን ማፍላትም ክሎሪንም አያወጡትም።

ጥርጊያውንና ጽዳቱን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ደግሞ ሳንባን ያቃጥላል። ለትኋን ተብሎ የሚረጭ የእርሻ መድኃኒትም ልጅ ከሚተኛበት ፍራሽ አጠገብ አይድረስ።

ተቅማጡ ሲነሳ ኦአርኤስ የሚባለውን፣ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት በጥቅሉ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጠው ጥቂት በጥቂት ያጠጡት፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ዚንክም ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ሙሉ ይጨርሱለት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም የተቀላቀለበት ካዩ ቤት ውስጥ አይጠብቁ።

በሚቀጥለው የፈረቃ ቀን ውሃው ሲመጣ ከቆጣሪው እስከ የጋራው ቧንቧ ድረስ ያለውን መስመር ተከትለው ይሂዱና መሬቱ ያለ ዝናብ የሚረጥብበት ቦታ ካለ ይዩልኝ፤ ያ ቦታ ከመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ በስንት እርምጃ እንደሚርቅም ቆጥረው እዚሁ ይጻፉልኝ። ቅርብ ከሆነ ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የሚቀርበውን ማመልከቻ በግቢው አባወራዎች ሁሉ ስም አብረን እንጽፈዋለን።