በረዶ በሌለበት አገር የበረዶ ኮረብታ መማር ምን ይሠራል?

እህቴ፣ የጅማ ልጅ ነሽ፤ በምደባ ጂኦሎጂ ደርሶሽ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነሽ። «ድረምሊን፣ ኤስከር፣ ሞሬን እያልን እንሸመድዳለን። እዚህ አገር በረዶ የት አለ? በዚህ ማን ይቀጥረኛል? ወደ አካውንቲንግ ልቀይር ወይ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

በረዶማ ነበረ። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የበረዶ ግግር ተጋድሞ ነበር። ሲንሸራተት የገፋው ድንጋይ ዛሬም ሸለቆው ዳር ተከምሮ አለ። ሞሬን የምትዪው እሱን ነው።

ግን እንጀራ የሚሆንሽ ስሙ አይደለም፣ ዓይኑ ነው። በቡና ላስረዳሽ። ውሃ ቡና ለቃሚ ነው። ጠጠሩን አንድ ቦታ፣ አሸዋውን ሌላ ቦታ ያስቀምጣል፤ ደለሉን ረጋ ሲል ይጥለዋል። ኤስከር፣ ያ እንደ እባብ የተጋደመ ረጅም የጠጠር ጉብታ፣ ከበረዶ ሥር በሚሮጥ ወንዝ ስለተሠራ ጠጠሩ ድቡልቡል፣ ንብርብሩም የተለየ ነው። በረዶው ራሱ ግን መምረጥ አያውቅም። ቤት የሚያህል ቋጥኝና ዱቄት የመሰለ አፈር አንድ ላይ ዘርግፎ ይሄዳል። ድረምሊን ደግሞ በረዶው ከሥሩ የቀረጸው ኮረብታ ነው፣ የተገለበጠ ማንኪያ ይመስላል፤ ወፍራሙ ጫፍ በረዶው ወደመጣበት ያያል። እንዴት እንደተሠራ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ፣ ስለዚህ ግራ ቢገባሽ አትፈሪ።

አሁን አጋሮ መንገድ ላይ የተቆረጠ ዳገት ሥር ቁሚ። ቀይ አፈር ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሹል ድንጋይ ተደበላልቋል? በረዶ አላመጣውም። ወንዝም ቢሆን እንዲህ አይደባልቅም። ዳገቱ ድሮ ተንዶ ሊሆን ይችላል። የተናደ ደግሞ ሊደግም ይችላል። ጎፋ ላይ ሐምሌ 2016 ናዳ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። መንገድ የሚሠራ ሁሉ ይህን የሚያይለት ሰው ይፈልጋል።

አምባውም እንደዚያው ነው። ከላይ ጠንካራ ድንጋይ፣ ከሥር ለስላሳ። ለስላሳው ሲሸረሸር የላዩ እየተገመሰ ይወድቃል፤ ጫፉ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል ሆኖ ይቀራል። በስንጥቁ የሰረገ ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር ሲገጥመው በጎን ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ጉድጓድ ቆፋሪዎች ገንዘብ የሚከፍሉት ለዚህ ዕውቀት ነው።

አካውንቲንግ ከልብሽ ከወደድሽው ቀይሪ፣ አልከለክልሽም። በበረዶው ተናደሽ ግን አትቀይሪ። ሥራው ቀላል ነው አልልሽም፤ ሳምንቱን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ማደር አለ። ጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና መተንተን፣ ከአሁኑ ጀምሪ። ክረምት ላይ መንገድ ወይም ጉድጓድ የሚሠራ ድርጅት በር አንኳኪ፣ በነፃም ቢሆን። እስከዚያው የሦስት ቁርጥ ዳገት ሥዕል በእጅሽ ሠርተሽ፣ ማን እንዳመጣው ከሥሩ ጻፊና ከሲቪሽ ጋር ይዘሽልኝ ነይ።