«ኖ ቻርጅ» ማለት ክስ የለም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ አሜሪካ ናት። ሆስፒታል ታክማ ነበርና ወረቀት ተላከላት። ወረቀቱ «ኖ ቻርጅ» ይላል። ታናሽ ወንድሜ «ክስ የለብሽም ማለት ነው» ብሎ አነበበላት። እሷ ደግሞ «ማን ከሶኝ ኖሯል?» ብላ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረች። ለመሆኑ ይህ ቻርጅ የሚሉት ቃል ስንት ትርጉም አለው? በአማርኛስ ምን እንበለው?

መልስ፦ በመጀመሪያ እናትዎን ያረጋጉልኝ። የከሰሳቸው የለም። ሆስፒታል «ኖ ቻርጅ» ብሎ ከጻፈ «የሚከፍሉት ነገር የለም» ማለቱ ነው። ወንድምዎም ቢሆን ከሜዳ አላመጣውም፤ ዜና ላይ ሲሰማው የኖረው ቻርጅ ክስ ነው። የሳተው ቦታውን ነው።

የቃሉን አመጣጥ ማወቅ ይረዳል። ላቲኖች ጋሪን «ካሩስ» ይሉት ነበር። ከዚያ «ጋሪ ላይ ጫነ» የሚል ግስ ወጣና በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። ቦሌ ዕቃ ስንልክ የምንጠራው «ካርጎ» የዚሁ ዘመድ ነው። ሥሩ መጫን ነው ማለት ነው። ይህን ከያዙ ሌላው አይከብድም፤ ሰው ላይ ዋጋ ሲጫን ክፍያ፣ ጥፋት ሲጫን ክስ፣ ሥራ ሲጫን ኃላፊነት ይሆናል። ጠመንጃ ውስጥ የሚገባ ባሩድም ቻርጅ ነው፤ እኛ ግን ጠመንጃን እናጎርሰዋለን፣ እንዴት ያለ ግሩም ቃል ነው! ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅም የብርጭቆ ዕቃ ሙከራ ሲያደርግ ይህንኑ የመጫን ቃል ተጠቅሞበታል። ዛሬ «ስልኬ ቻርጅ የለውም» የምንለው ከዚያ መስመር የመጣ ነው።

እንግሊዝኛ ሁሉን በአንድ ቃል ቢያጭቀውም አማርኛ ለየራሱ ቃል አለው። ኤምባሲ ውስጥ አምባሳደር በሌለበት ቦታውን ሸፍኖ የሚሠራው፣ በፈረንሳይኛው ስም «ሻርዤ ዳፌር» የሚሉት፣ በአማርኛ «ጉዳይ ፈጻሚ» ነው። ሆስፒታል ውስጥ «ቻርጅ ነርስ» የሚሏት ሒሳብ የምትቀበለውን አይደለም፣ የተረኛ ነርሶቹን ኃላፊ ነው።

በጣም መጠንቀቅ ያለብን ፍርድ ቤት ላይ ነው። እዚያ ቻርጅ ተደረገ ማለት «ክስ ተመሠረተበት» ማለት ነው፤ ጥፋተኛ ተባለ ወይም ተፈረደበት ማለት አይደለም። አንዳንድ አስተርጓሚ ሁለቱን ሲቀላቅል እሰማለሁ፣ የሰው ስም ስለሚያጠፋ ያሳስበኛል። እንግሊዝኛው ክስን «ይጥላል» ስለሚል በአማርኛም «ክሱ ወደቀ» አይባልም። «ክሱ ተነሣ» ወይም «ተቋረጠ» ነው የሚባለው።

የስልኩን ቻርጅ ግን እንዳለ ብንተወው እመርጣለሁ። ሕዝቡ ለምዶታል፣ «ቻርጅ አድርግልኝ» ቢባል ማንም ይገባዋል።

ለእናትዎ አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ቻርጅስ» የሚል ዓምድ ሥር ትልቅ ገንዘብ የተጻፈበት ወረቀት ሊመጣ ይችላል። እሱ ሆስፒታሉ ለሕክምናው የጠየቀው ዋጋ ነው፤ ኢንሹራንስ ካላቸው ከዚያ ላይ የሚቀነስ አለ፣ ኢንሹራንሱ የሚከፍለውም አለ። ከእሳቸው የሚጠበቀው ብዙ ጊዜ ታች፣ «አማውንት ዱ» (የሚከፈል ሒሳብ) ከሚለው ጎን ነው የሚጻፈው። ወንድምዎ መጀመሪያ እሱን ይፈልግላቸው።