«ጎሰመር» ቀሚስ ላይ ምን ይሠራል?

እህቴ፣ «ጎሰመር» (gossamer) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሸረሪት ድር ነው ያለሽ መዝገበ ቃላት አልዋሸሽም። የምታነቢው ልብ ወለድ ግን «የጎሰመር ቀሚስ ለብሳ ወጣች» ሲልሽ ግራ ብትጋቢ አይገርምም። ችግሩ መዝገበ ቃላቱ የትኛው ድር እንደሆነ አለመጻፉ ነው። ቤት ጥግ አቧራ ጠጥቶ የሚንጠለጠለው አይደለም፤ ለእሱ እንግሊዞች «ኮብዌብ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው።

ጎሰመር በእንግሊዝ አገር መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ነፋስ ጋብ ሲል አየር ላይ የሚንሳፈፈው ወይም ጠዋት ጤዛ ይዞ ሣር ላይ ተነጥፎ የሚታየው ነው። ትንንሽ ሸረሪቶች ሣር ጫፍ ላይ ወጥተው ክር ይለቃሉ፣ ክሩ ይዟቸው ይበራል። ቀልድ እንዳይመስልሽ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1832 ቢግል በተባለችው መርከብ ሲጓዝ፣ ከደቡብ አሜሪካ የብስ 60 ማይል ርቀው ሳለ እነዚህ ሸረሪቶች መርከቧን ወርረዋት አይቷል።

ሼክስፒር ቃሉን የሚጠቀምበት ቅለትን ለማሳየት ነው። «ኪንግ ሊር» በተባለው ተውኔቱ ላይ ኤድጋር፣ ከገደል የወደቀ ለመሰለው ዓይነ ስውር አባቱ፣ ጎሰመር ወይም ላባ ወይም አየር ባትሆን ኖሮ እንደ እንቁላል ትፈረከስ ነበር ይለዋል። እኔ የምወደው ግን «ሮሜዮና ጁልየት» ላይ ያለውን ነው። ቄሱ ጁልየት ስትመጣ አይቶ፣ ፍቅር የያዘው ሰው በጎሰመር ላይ ቢሄድም አይወድቅም ይላል። ሙገሳ ነው ስትይ ወዲያው ከንቱነት እንዲህ ክብደት የለሽ ነው ብሎ ይጨምርበታል። አየሽ፣ ተግሣጹን ሙገሳው ውስጥ ሸሸገው!

ቃሉ ወደ ጨርቅና ወደ ክንፍ የዞረው ኋላ ነው፤ እዚያ ደግሞ ስስነቱና ብርሃን ማሳለፉ ይጎላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሰው ፔዳል እየመታ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ባሕር ያቋረጠባት አውሮፕላን «ጎሰመር አልባትሮስ» ትባላለች፤ ክንፏ በስስ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነበር።

እኔ ስተረጉም መጀመሪያ የማየው ጸሐፊው የፈለገው ቅለቱን ነው ወይስ ስስነቱን የሚለውን ነው። ላንቺ ቀሚስ «ስስ፣ ገላ የሚያሳይ» ይበቃል። «የሸረሪት ድር ቀሚስ» ብትይ አይሄድም። በኛ ቋንቋ ሸረሪት ያደራበት ቤት ባለቤት ያጣ ቤት ነው፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ደግሞ ጉልበቱን ነው የምናወራው። «ሸረሪት» የሚለውን ትተሽ «ድር» ብቻ ካልሽማ ጭራሽ የሸማኔው ድርና ማግ ይመጣል። «ጎሰመር ተስፋ» የሚል ካጋጠመሽ ግን ስስነቱን እርሺው፣ «ነፋስ የሚወስደው ተስፋ» በይው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የፍቅር ልብ ወለዶች ቃሉን አለልክ ይወዱታል። በየገጹ ከመጣ ግማሹን ዝለይው፣ ምንም አይቀርብሽም።