ቅቤው ሲነጠር ሌላ ሆነ፤ ሻጩን መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ለበዓል ከሰፈር ሱቅ ሁለት ኪሎ ቅቤ ገዝቼ ሳነጥረው ከድስቱ ሥር ሙዝ የመሰለ ዝቃጭ ቀረ። በሱ የተሠራውን ወጥ የበሉት ልጆቼ ታመው ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ባለሱቁ «እንደገዛሁት ነው የሸጥኩት፤ የምግብ ቁጥጥር የምትሉት ትናንት የመጣ ሕግ ነው» አለኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆችዎን እግዜር ይማርልዎ። መክሰስ ይችላሉ።

«ትናንት የመጣ» የሚለው ስህተት ነው። እርግጥ በእኛ አገር ቁጥጥሩ የጀመረው ከመድኃኒት ነው። በ1956 ዓ.ም. ስለ መድኃኒት ቤቶች የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 288 ወጣ፤ የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176 ደግሞ በ1991 ተከተለ። ምግብ በሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ተነካ፤ ከመድኃኒት ጋር በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር የገባው ግን በአዋጅ ቁጥር 661/2002 ነው። ዛሬ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ምግብ ይህን ያህል ወደ ኋላ መቅረቱ ያንገበግበኛል፤ ዛሬም ብዙ ሰው የተበረዘ በርበሬና ቅቤ ሲገጥመው «ዕድሌ ነው» ብሎ የሚያልፈው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

የካሳ መብትዎ ግን ከእነዚህ አዋጆች ይቀድማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2085 ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብን ሰው ዕቃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ የሚታወቅ ከነበረ ግን ኃላፊ አይሆንም። ተከሳሹ «አይታ ነው የገዛችው» ማለቱ አይቀርም። በእኔ እምነት አያስኬደውም፦ ገዢ ቅቤን ያሸታል፣ በጣቱ ይቀምሳል እንጂ ሱቅ በር ላይ አያነጥርም።

ባለሱቁ አምራች ካልሆነም በሽያጭ ውሉ ስለ ዕቃው ጉድለት ዋስ ነው፤ «አላወቅሁም» ማለቱ ገንዘብዎን ከመመለስ አያድነውም። አውቆ ከሆነ ደግሞ የተበረዘ ምግብ መሸጥን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 527 አለ፤ ለፖሊስ ያመልክቱ።

ጉዳዩ የሚወድቀው ወይም የሚነሳው በማስረጃ ነው። የተረፈውን ቅቤና ዝቃጩን አይጣሉ፤ ከድነው ፍሪጅ ያስቀምጡ። ከክሊኒኩ የሕክምና ማስረጃ በጽሑፍ ያውጡ። ደረሰኝ ባይኖርም በቴሌብር ከፍለው ከሆነ መልእክቱ፣ አብራዎት የነበረች ጎረቤትም ምስክርነቷ ይበቃል። ናሙናው በላቦራቶሪ እንዲመረመር ለአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያመልክቱ። ሱቁ ከወሰኑ ማዶ ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ ግን አቤቱታው ወደ ኦሮሚያ ተቆጣጣሪ ነው፤ የሚታየው ሱቁ ያለበት ቦታ እንጂ የእርስዎ ቤት አይደለም።

ከውል ውጭ የካሳ ክስ፣ ማለትም በሽያጭ ውሉ ሳይሆን በደረሰው ጉዳት የሚቀርበው፣ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143)። ቅቤው ግን ሁለት ዓመት አይጠብቅዎትም፤ ናሙናውን በዚህ ሳምንት ያስረክቡ።