ታክሲ ውስጥ ልቡ ለሚደልቅበት ወንድማችን

ስምህ ተደብቆ የተለጠፈውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። ታክሲ ውስጥ ድንገት ልብህ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥርሃል፣ ጣቶችህ ይደነዝዛሉ፣ ራሴን ስቼ ልወድቅ ነው ትላለህ። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳህ፣ ምንም የለም ተባልክ። አንዱ ሐኪም «ጭንቀት ነው» ብሎ ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ኪኒን ሰጠህ። እናትህ ጸበል ግባ ይሉሃል። አንተ ደግሞ ታክሲ እርም ብለህ ከመገናኛ ሃያ ሁለት በእግርህ ትመላለሳለህ። «በሽታ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ላብድ ነው?» ብለሃል።

በሽታ ነው። አታብድም። ደግሞም ይታከማል። እኔም ያለፍኩበት ስለሆነ ትንሽ ላርዝም። ሐኪም አይደለሁም፣ የመድኃኒቱን ነገር ከሐኪምህ ጋር ጨርስ።

የገለጽከው ፓኒክ አታክ የሚባለውን ነው። ሰውነት የሌለ አደጋ እንዳለ ቆጥሮ ለመሸሽ ይዘጋጃል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ በደምህ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። የጣትና የከንፈር መደንዘዙ፣ የራስ ማዞሩ በአብዛኛው ከዚያ ነው። አየር አንሶህ ሳይሆን አብዝተህ ስለሳብክ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና መውረድ ይጀምራል። ቤተኛውን ሳይለይ እንደሚጮህ ውሻ ነው፤ ጩኸቱ የእውነት ነው፣ ሌባ ግን የለም። ራስን ስለመሳቱም ብዙ አትስጋ። ሰው ራሱን የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው፣ በፓኒክ ጊዜ ደግሞ ግፊት ከፍ ይላል። ደም ወይም መርፌ አይተው የሚወድቁት ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው፤ የእነሱ በእርግጥ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ማንንም ሊያጋጥም ይችላል። በሽታ የሚሆነው ሲደጋገም፣ ከዚያም ለአንድ ወርና ከዚያ በላይ «መቼ ይመጣብኝ ይሆን» እያልክ ስትሳቀቅ ወይም ኑሮህን ስትቀይርለት ነው። አንተ ደግሞ ቀይረህለታል። እኔን ከልብ ምቱ ይልቅ ያሳሰበኝ የእግር ጉዞህ ነው።

ምርመራውን አንዴ በደንብ ጨርስ። ኢሲጂ ብቻ አይበቃም። የታይሮይድ፣ የደም ማነስና የስኳር ምርመራ ታዘው እንደሆነ ጠይቅ። እንቅርት በበዛበት አገር ታይሮይድን ሳያዩ «ጭንቀት ነው» ማለት አይመቸኝም፤ ከመጠን በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ልክ እንዲህ ያደርጋል። የደረት ሕመም ካለህና ዳገት ስትወጣ የሚብስ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም በእርግጥ ራስህን ስተህ ከወደቅክ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው መሄድ ያለብህ። ይህ ሁሉ ታይቶ ነጻ ከሆንክ ግን ሌላ ክሊኒክ እየቀያየርክ ኢሲጂ አትነሳ። በተነሳህ ቀን እፎይ ትላለህ፣ ሰንበት ሳይል ጥርጣሬው ይመለሳል።

ቡናና ጫትን መጥቀስ አለብኝ። ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ልቤ መታ ማለት ያለ ነው። ጫት ደግሞ በሥራው ለአምፌታሚን የቀረበ ነገር አለበት። የምትቅም ከሆነ ለሐኪሙ አትደብቅ።

ዳያዜፓም ላይ ጠንከር ልበልብህ። ያረጋጋል፣ ቶሎ ይሠራል፣ ችግሩም እሱ ነው። በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምደዋል፣ ከአልኮል ጋር ደግሞ አደገኛ ነው። ለጥቂት ጊዜ ማሻገሪያ ይሆናል እንጂ ፓኒክን አያድንም። በየቀኑ ስትወስደው ከቆየህ ግን ይህን አንብበህ ዛሬውኑ አትጣለው! ድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። በሐኪም ክትትል ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

ለረጅም ጊዜ የሚታዘዘው ሌላ ነው፤ ሰርትራሊን፣ ፍሉኦክሰቲን የሚባሉት። ሰርትራሊን ለፓኒክ ሲሆን ብዙ ጊዜ በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ወደ 50 ይወጣል። መጀመሪያ አካባቢ ማቅለሽለሽና መቅበጥበጥ አለው፣ ጭንቀቱ ራሱ ሊብስ ይችላል። ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከተሻለህ በኋላም ቢያንስ ለወራት ትቀጥላለህ። ዕድሜህ ከ25 በታች ከሆነ መጀመሪያ አካባቢ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊመጣ ስለሚችል ቤት ውስጥ አንድ ሰው ይወቅልህ። መጣ ካልክ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂድ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያወጣኝ ከሳይኮሎጂስት ጋር የሠራሁት ነው። ቁጭ ብሎ ማውራት ብቻ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ሴትዮዋ «ደረጃውን ሮጠሽ ወጥተሽ ነይ» አለችኝ። ተመለስኩ። ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ምቱን ሊቆጥር አንገቴ ላይ ሄደ። «እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ» አለች። ውሃ የለም፣ መስኮት መክፈት የለም። ዝም ብለን ጠበቅን። ልቤ ራሱ ረገበ። ሌላ ቀን ወንበር ላይ አሽከረከረችኝ፣ በቀጭን ስትሮ አስተነፈሰችኝ። ፓኒኩን የሚመስሉ ስሜቶችን ሆን ብላ እየፈጠረች ሰውነቴ እንዲያውቃቸው ነበር። እስኪገባኝ ድረስ ተናድጄባት ነበር።

ከዚያ ታክሲው መጣ። አንድ ፌርማታ፣ በሩ አጠገብ። ሲለመድ መሃል፣ ቀጥሎ የኋላ ወንበር ጥግ፣ በመጨረሻ ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ። (ረዳቱ ትርፍ ሲጭን የሚመጣው ንዴት ፓኒክ አይደለም፣ እሱ ጤነኝነት ነው።) ደንቡ አንድ ነው፤ ጭንቀቱ ሲመጣ «ወራጅ አለ!» የለም፣ እስኪበርድ ትቀመጣለህ። በወረድክ ቁጥር አእምሮህ «ወርጄ ነው የተረፍኩት» ብሎ ይይዛል። በእጄ ጨብጫት የምሄዳት ሀይላንድም ቦርሳ ውስጥ እንድትገባ፣ በኋላም ቤት እንድትቀር ተደረገ። እሷም መሸሻ ነበረች። በቀስታ ማስወጣት ላይ ያተኮረ አተነፋፈስ ይረዳል፣ ፌስታል ውስጥ መተንፈስ ግን አደገኛ ነው፣ ማንም ቢመክርህ አታድርገው።

ሳይኮሎጂስት ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ሁሉም ቦታም የለም። እንዲያም ቢሆን ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥተህ ለሳይካትሪ ሪፈር ማጻፍ ትችላለህ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሌላ እንደ ጳውሎስና ዘውዲቱ ያሉ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም የሳይካትሪ ክፍል አላቸው፤ «አማኑኤል ታየ» መባልን ለምትፈራ ይህም አለ። የእናትህን ነገር ደግሞ አትጣላበት። ጸበሉንም ጠጣ፣ ጸሎቱንም ጸልይ። መድኃኒት አቁም የሚልህ ሰው ሲመጣ ግን እዚያ ላይ እንቢ በል።

ከጥያቄህ ሥር አንዲት እህት «እኔ ድንገት አይመጣብኝም፣ ዝም ብዬ ነው የምጨነቀው፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሁሉም፤ እንቅልፍ የለኝም፣ ጨጓራዬም አልዳነም» ብላለች። እህቴ፣ የአንቺ ሌላ ዓይነት ይመስላል። ማቆም ያቃተሽ ጭንቀት ከ6 ወር በላይ ብዙውን ቀን ካለ፣ አንገትና ትከሻ ከጨመደደ፣ ቶሎ ከደከመሽ፣ ነገር ከረሳሽ፣ አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም የሚባለው ሊሆን ይችላል። ጋድ ሰባት (GAD-7) የሚባል ጭንቀትን የሚለካ አጭር መጠይቅ አለ፣ 7 ጥያቄ ነው፣ ከ21 ይታረማል። 10 እና ከዚያ በላይ ካመጣሽ መታየት አለብሽ ማለት ነው እንጂ በራሱ ምርመራ አይደለም። የኪራዩ ጭንቀት ምክንያት ያለው ነው፣ ሕክምናው ኪራይ አይከፍልልሽም። እንቅልፍሽንና ሆድሽን ግን ሊመልስልሽ ይችላል። ለጨጓራ እያሉ የሰጡሽን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ጠቅልለሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ ማየት ይፈልጋል።