«እኔ ምንም አይሰማኝም»፦ ስለ ክላሚዲያ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ከወር አበባዬ ውጪ ደም ስለታየኝ ተመርምሬ ክላሚዲያ አለብሽ ተባልኩ። ባለቤቴ ግን «እኔ ምንም አይሰማኝም፤ መድኃኒቱን አንቺው ውሰጂ» ይለኛል። ያመጣብኝ እሱ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የምርመራው ወረቀት በሽታው መኖሩን እንጂ ማን፣ መቼ እንዳመጣው አይናገርም። ክላሚዲያ በባክቴሪያ የሚመጣ የአባላዘር በሽታ ሲሆን፣ አብዛኞቹን ሴቶችና ብዙ ወንዶችን ያለ አንዳች ምልክት ይዞ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ በተለይ ከተጋባችሁ ብዙ ካልቆያችሁ፣ ከጋብቻ በፊት የነበረም ሊሆን ይችላል። በዚህ ወረቀት ምክንያት ትዳር ሲናወጥ አይቻለሁና ከጠቡ በፊት ሕክምናው ይቅደም እላለሁ። ባለቤትዎ ምንም ባይሰማቸውም አብረው መታከም አለባቸው፤ አለበለዚያ እርስዎ ድነው ሳይቆዩ እንደገና ይያዛሉ። እርግዝና ከሌለ የተለመደው ሕክምና ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ነው፤ ሁለታችሁም እስክትጨርሱ ከግንኙነት ተቆጠቡ። ችላ ከተባለ ወደ ማሕፀን ቱቦዎች ወጥቶ ጠባሳ ይጥላል፤ መካንነትና ከማሕፀን ውጪ የሚፈጠር እርግዝና የሚመጡትም ከዚሁ ነው። ከእምብርት በታች ሕመም ከትኩሳት ጋር ከተሰማዎ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ስሸና ያቃጥለኛል፣ ፈሳሽም አለኝ። ጓደኞቼ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ስለሸናህ ነው አሉኝ። ከመድኃኒት ቤት ጥቂት ፍሬ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ስውጥ ጋብ አለልኝ። ድኛለሁ?

መልስ፦ የጋለ ድንጋይ በሽታ አያስይዝም፤ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ክላሚዲያና ጨብጥ ምልክታቸው ስለሚመሳሰልና ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ፣ በጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ይዞ ለቀረበ ሰው ለሁለቱም የሚሆን መድኃኒት ይሰጣል። ጥቂት ፍሬ ውጠው ማቃጠሉ ጋብ ቢልም ባክቴሪያው ውስጥዎ ሊቀር ይችላል። ሰው በተሰለፈበት የካርድ መስኮት «ምንህን አመመህ?» መባል እንደሚያሳፍር ይገባኛል፤ እዚያ «የሽንት ሕመም» ማለት ይበቃል፣ ዝርዝሩን በሩ ከተዘጋ በኋላ ለሐኪሙ ይንገሩ። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘልዎ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይውሰዱት፤ ወዲያው ጋደም አይበሉ፣ ከወተትም ጋር አይውሰዱት።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ክላሚዲያ ተገኝቶብኛል፤ መድኃኒቱ ልጄን ይጎዳብኛል?

መልስ፦ ለነፍሰ ጡር ዶክሲሳይክሊን አይመከርም፤ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ የሚወሰድ 1 ግራም አዚትሮማይሲን ነው። ለጽንሱ የሚያሰጋው ሳይታከሙ መቅረት ነው፤ በሽታው በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ተላልፎ ዓይኑን ሊያሳምም፣ የሳንባ ምችም ሊያመጣበት ይችላል። የልጅዎ አባትም ይታከሙ፤ መዳንዎን ለማረጋገጥ ከ4 ሳምንት በኋላ ድጋሚ ምርመራ ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ አንዴ የዳነ ሰው ዳግመኛ ይያዛል?

መልስ፦ አዎ፣ ይያዛል። ስለዚህ ከሕክምናው 3 ወር በኋላ እንደገና ይመርመሩ፤ በመካከሉም በኮንዶም ይጠቀሙ።