ከሰንጠረዥ ወደ ፎቶ፦ ቁልፍ ቃላት በጅምላ ሲጻፉ ለሚያጋጥሙ ችግሮች ጥያቄና መልስ

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ በኤክሴል ተዘጋጅቶ በሲኤስቪ (አምዶቹ በኮማ በሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) የተቀመጠ የቁልፍ ቃላት ሰንጠረዥ፣ ፊል ሃርቪ በሠራውና በሚተየብ ትእዛዝ በሚሠራው ኤግዚፍቱል በተባለው ፕሮግራም ወደ ፎቶዎች ሜታዳታ (በፋይሉ ውስጥ ስለ ፎቶው ወደሚቀመጠው መረጃ) ሲጻፍ የሚያጋጥሙ እንቅፋቶችን ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ ለእያንዳንዱ ፎቶ «በሰንጠረዡ ውስጥ የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣልኛል፤ ስሞቹ ግን በትክክል አሉ።

መልስ፦ የስሙ መኖር ብቻ አይበቃም። «ሶርስፋይል» በሚለው አምድ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ፎልደሩን ጨምሮ በትእዛዙ ላይ ከተሰጠው የፋይሉ መገኛ ጋር መግጠም አለበት፤ ወይም ሙሉ መገኛው መሆን አለበት። በእጅ ከመጻፍ ይልቅ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ራሱ ከዚያው ፎልደር ሲኤስቪ እንዲያወጣ ያድርጉና እርሱ የጻፈውን አምድ ሳይነኩ ቁልፍ ቃላቱን አጠገቡ ይሙሉ።

ጥያቄ፦ አምስቱ ቁልፍ ቃላት ተጣብቀው እንደ አንድ ረጅም ቃል ተጻፉ።

መልስ፦ ፕሮግራሙ ቃላቱ የት ላይ እንደሚለያዩ አይገምትም፤ «ሴፕ» በተባለው አማራጭ መለያውን ካልነገሩት በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደ አንድ ቃል ይወስደዋል። መለያውን ሲሰጡ ኮማውን ብቻ ሳይሆን ኮማና ባዶ ቦታ አድርገው ይስጡት፤ ኮማ ብቻ ከሆነ «ባሕር, ጀልባ» ከሚለው ውስጥ ሁለተኛው ቃል ፊቱ ላይ ባዶ ቦታ ይዞ ስለሚጻፍ፣ በዓይን የማይታይ ሌላ ቁልፍ ቃል ይሆናል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ፦ ብዙዎቻችን ልማድ ሆኖብን በሕዋሱ ውስጥ ነጠላ ሰረዝን (፣) እንጠቀማለን፤ እርሱ ለፕሮግራሙ ኮማ አይደለም። አስቀድመው በኤክሴል ፈልገው ይተኩት።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ቃላቶቼ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኑ።

መልስ፦ ጥፋቱ ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው። ሲኤስቪውን በኖትፓድ ይክፈቱት፤ እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ የጠፋው ኤክሴል ሲያስቀምጠው ነውና «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» የሚለውን (ዩቲኤፍ 8 የአማርኛን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚይዝ የፊደል አመዳደብ ነው) መርጠው እንደገና ያስቀምጡ። እዚያ ደኅና ከሆነ ግን ችግሩ «ኪወርድስ» የሚለው አምድ የሚጽፍበት አይፒቲሲ የተባለው የቆየ የሜታዳታ ዓይነት ነው፤ የፊደል አመዳደቡ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ ካልተገለጸለት ፕሮግራሙ የላቲን ፊደል ብቻ እንደሚይዝ ይቆጥረዋል። በዚያው ትእዛዝ ላይ አመዳደቡን ያሳውቁት።

ጥያቄ፦ ረጃጅሞቹ ሐረጎች ለምን መጨረሻቸው ይቆረጣል?

መልስ፦ አይፒቲሲ ለአንድ ቁልፍ ቃል የሚፈቅደው 64 ባይት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ለሌሎች 64 ፊደል የሆነው ወሰን ለእኛ 21 ብቻ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ለአማርኛ የምመርጠው ኤክስኤምፒ ወደተባለው ሌላ የሜታዳታ ዓይነት የሚጽፈውን «ሰብጀክት» የተባለውን አምድ ነው፤ ይህ የርዝመት ወሰን የለውም፣ ከላይ የተነሣው የፊደል ጣጣም አያገኘውም። በነገራችን ላይ «ፀሐይ»ን በሌላ ረድፍ «ጸሀይ» ብለው ከጻፉ፣ ፍለጋው እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ሊያያቸው ስለሚችል አንዱን አጻጻፍ ይዘው ይዝለቁ።

ጥያቄ፦ ጽፌ ጨረስኩ፣ ላይትሩም ግን አያሳየኝም።

መልስ፦ ፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ የሆነው ላይትሩም የሚያሳየው በራሱ ካታሎግ (ስለ ፎቶዎቹ መረጃ ለብቻው በሚይዝበት መዝገብ) ውስጥ ያለውን ነው። ፎቶዎቹን መርጠው ሜታዳታውን ከፋይሉ እንዲያነብ ይዘዙት፤ ካታሎጉ ላይ ብቻ ያለ ማስተካከያ ካለ ግን ሊተካ ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ አዲሶቹን ስጽፍ የቀድሞዎቹ ቁልፍ ቃላት ጠፉ። ይመለሳሉ?

መልስ፦ ሰንጠረዡ የሚተካ እንጂ የሚጨምር አይደለም፤ እንዲጨምር ከፈለጉ በትእዛዙ ላይ ከእኩል ምልክቱ በፊት የመደመር ምልክት ያስገቡ፤ ሁለት ጊዜ ካስኬዱት ግን ቃላቱ ይደጋገማሉ። ስለ ጠፉት፦ ኦሪጅናሉን ደርቦ እንዲጽፍ ካላዘዙት በቀር ፕሮግራሙ የቀድሞውን ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ «ኦሪጅናል» የሚል ቅጥያ ጨምሮ በዚያው ፎልደር ያስቀምጠዋልና ከዚያ ይመልሱት።